ስለ ግፊት መለኪያው ለጠየቅሽኝ

ቅዳሜ፣ የካቲት 14
ከሰዓት በኋላ፣ ከቤት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ድሮ ይህን ጥያቄ የምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ በእሱ ስለሚጀመር ነበር፤ ዛሬ ግን መልሱን ፈልጌ ነው። "ደህና ነኝ፣ አታስቡ" የሚለው አይበቃኝም። በቁጥር እንድትነግሪኝ ነው የምፈልገው።

እኛ አለን። እማዬ ሥራ ከተመለሰች ሦስት ሳምንት ሆናት። በመጀመሪያው ቀን መዋዕለ ሕፃናት ያሉት ልጆች "የት ጠፍተሽ ነው?" እያሉ ቀሚሷን ሲጎትቷት ዋሉ አሉ፤ አንዷማ "አሞሽ ነበር?" ብላ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ምግብ ትበላለች፤ ግን ሳህኑን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ቆማ ነው። "ቁጭ በይ እንጂ" ስላት "ስቀመጥ አይወርድልኝም" ትላለች። እኔ ትምህርቴን እየተማርኩ ነው። የአጋማሽ ውጤቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ መምህራኑ ግን ምክንያቱን ስለሚያውቁ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው እሁድ በስልክ የጠየቅሽኝን ልመልስ። "ስማ ዳኛው፣ እዚህ ሱፐርማርኬት ውስጥ በግማሽ ዋጋ የወጣ የደም ግፊት መለኪያ አለ፤ እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰር። ለእማዬ ብልክላት ይረባል ወይስ ገንዘብ መጣል ነው? አንተ ፍረድ" አልሽኝ። እኔ ደግሞ "ላስብበትና እጽፍልሻለሁ" አልኩሽ። አንቺም "ይኸው፣ ችሎቱ ቀጠሮ ሰጠኝ" ብለሽ ሳቅሽ። በስልክ ያልመለስኩልሽ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ልብስ ታጣጥፍ ስለነበር ነው። ስልኩም የእሷ ነው፤ የምንጻጻፈውን ሁሉ መነጽሯን አድርጋ ታነባለች። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ማክሰኞ ወደ አንቺ ከተማ ስለምትመጣ በወረቀት ልጻፍልሽ አልኩ።

ደብዳቤው ረጅም ነው። ሥራ ላይ ሆነሽ ግማሹን አንብበሽ እንዳታጥፊው ዋናውን አስቀድሜ እነግርሻለሁ። መለኪያውን ግዢው። ግን ለእማዬ ሳይሆን ለራስሽ ነው። እንዲያውም እሱን አትጠብቂ፤ ይህን ባነበብሽ ማግስት ሐኪም ቤት ሄደሽ ተለኪ። ይህን ከሰባ ዘጠኝ ቀን በፊት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ለምን እንዳልነገርኩሽ ነው ቀሪው።

የእኛ ችሎት የተጀመረው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ፣ በስልክ ስንቀልድበት ከመስማት በቀር አላየሽውም። ስፖንጅ የሚሠራበት ሶፋ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሚዘጋ በስድስት ሰዓት ይመጣል። (ይቅርታ፣ እኔ ወንድማችንን በሌላ ስም ልጠራው አልቻልኩም። የሶፋ ቤት ልጆች ባወጡለት ስም ነው ስንጠራው የኖርነው፤ ሌላው ስሙ አሁን የሐኪም ቤቱ ወረቀት ላይ ያለ ስም ሆኖብኛል።) ፀጉሩ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ፣ እጁ ላይ ሙጫ እንደደረቀ በሩ ላይ ቆሞ "ዳኛው! ተነስ፣ ችሎት አለ!" ይለኛል። ከዚያ ሱፐርማርኬት እንሄዳለን። ከሳሙናው መደርደሪያና ከውሻ ምግቡ መሃል ትልልቅ የሽቦ ቅርጫቶች አሉ። በየሳምንቱ አዲስ ዕቃ ይገለበጥባቸዋል፤ በገመድ የሚጎተት ሽንኩርት መክተፊያ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈቻ፣ የሹራብ ፀጉር መላጫ። ሁሉም ርካሽ ነው፤ ሁሉም ካርቶኑ ላይ የምትስቅ ሴትዮ አለችበት። አንድ ዕቃ እንመርጣለን። ደረሰኙን እኔ እይዛለሁ። ካርቶኑን ሳንቀድ በጥንቃቄ እንከፍታለን፤ ምክንያቱም በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ካልወደድነው መመለስ ይቻላል።

ፍርዱ ሦስት ዓይነት ነበር፤ "ይገዛ"፣ "ሲቀንስ ይገዛ" እና "ለጠላት ይገዛ"። ደብተር ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሽንኩርት መክተፊያው በሦስተኛው ጉተታ ገመዱ ተበጠሰ፤ ስፖንጅ ክዳኑን ከፍቶ አየና "ሽንኩርቱ በሕይወት አለ፣ የሞተው ገመዱ ነው" አለ። ለጠላት። የሹራብ መላጫው ፀጉሩንም ሹራቡንም ላጨው፤ የእማዬ አረንጓዴ ሹራብ ክርኑ ላይ ያለው ቀዳዳ የዚያ ነው። ለጠላት። የግንባር መብራቱ ግን ይገዛ ተባለ፤ ስፖንጅ ሶፋ ሥር ተኝቶ ሲሠራ ያደርገው ነበር።

ከሁሉ በላይ የምንኮራበት ግን የሦስት ሰው ሕጋችን ነበር። አንድ ጊዜ የወጥ ቤት ሚዛን ገዝተን ስኳር ብንመዝንበት ሁለት ጊዜ ልክ ተናገረ፤ በሦስተኛው እማዬ ስትመዝን ያንኑ ስኳር እጥፍ አደረገው። እኔ "ሁለቱ ልክ ስለሆኑ ሲቀንስ ይገዛ እንበለው" አልኩ። ስፖንጅ ግን "ሁለቴ እውነት ተናግሮ አንዴ የሚዋሽ ሰው ምን ይባላል?" አለኝ።

"ውሸታም።"

"በቃ። ዕቃም እንደዚያው ነው።"

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዕቃ በእማዬ፣ በእሱና በእኔ እጅ ሳይፈተን አይፈረድለትም ነበር። አንዱ ላይ ከወደቀ በሁላችንም ላይ ወድቋል ማለት ነው። እትዬ፣ ይህ ሕግ ለሽንኩርት መክተፊያ ጥሩ ሕግ ነበር።

የግፊት መለኪያው የመጣው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። አንቺ እዚያ ያየሽው ዓይነት ይመስለኛል፤ ነጭ ነው፣ የክንድ አንጓ ላይ ይጠመጠማል፣ ተጭነሽው ሲነፋ እጅሽን ጨበጥ አድርጎ ይለቃል። መርጦ ያነሳው ስፖንጅ ራሱ ነው። "ይሄ ደግሞ ምን ይዋሻል ብለህ ነው?" አለኝ። መመሪያውን ከፊደል እስከ ፊደል አነበብኩት። አምስት ደቂቃ ማረፍ፣ እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ፣ እጅን በልብ ትክክል ማድረግ፣ አለመናገር። እኛ ቤት አለመናገሩ ነው የከበደው።

የተለካነው ሳሎን ውስጥ፣ ስፖንጅ ለቤታችን እየሠራው በነበረው ሶፋ ላይ ነው። ያኔ ገና እንጨቱና ላስቲኩ ብቻ ነበር፤ ሲቀመጡበት ይንጫጫል። መጀመሪያ እማዬ ተለካች፤ 128 በ82። ቀጥሎ እኔ፤ 116 በ74። መመሪያው ጀርባ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር ሳስተያየው ሁለታችንም ደህና ነን። ከዚያ ስፖንጅ እጁን ዘረጋ። 192 በ121።

"እንዴ፣ ይሄ የስልክ ቁጥር ነው?" አለ።

ደገምን። 188። እጁን አስቀየርነው። 190። ውሃ ጠጣ፣ ተረጋጋ፣ እማዬ ሬዲዮውን ዘጋችለት። አምስት ጊዜ ለካሁት እትዬ። አምስቱንም ጊዜ ሰንጠረዡ ላይ ቀይ ሆኖ የተሳለው ክፍል ውስጥ ነው የገባው፤ ከጎኑ "በአስቸኳይ ሐኪም ያማክሩ" ይላል። እኔ ግን ያየሁት እሱን ነው። ሁለት ሰው የሚሸከመውን ሶፋ ብቻውን ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣ የሃያ አምስት ዓመት ወንድሜን ነው ያየሁት።

"ይሄ ቁጥር እውነት ቢሆን ቆመህ መሳቅ አትችልም ነበር" አልኩት።

"ታዲያ በመሳሪያው ሚዛን ሞቻለሁ ማለት ነዋ" አለና ላስቲኩ ላይ ተዘረረ። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ።

እማዬ የታጠፈ ፎጣ ወረወረችበት። "ተነስ! ምን ዓይነት ሟርት ነው ይሄ! ደስ አይልም!"

አንድ ዓይኑን ከፍቶ "ሟቹ ቁርስ አልበላም ነበር" አላት። ሳቅን። ከዚያ ተነስቶ ተቀመጠና፣ መለኪያውን ከእጁ እየፈታ፣ እንደ ዋዛ "ጠዋት ጠዋት ግን ራሴን ያመኛል" አለ።

"ሙጫው ነዋ" አልኩት። "ቀኑን ሙሉ ሙጫ ስታሸት እየዋልክ!"

"እሱስ ነው።"

እማዬ ግን ፎጣውን ከመሬት አንስታ ቆመች። "ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ብቅ ብለህ ብትጠይቅ ምን አለበት? መንገድህ ላይ ነው" አለችው። እሱ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ፣ ያንን አስተያየቱን ነው የማልረሳው። የቀልድ አልነበረም። "ዳኛው፣ ምን ትላለህ?" አለኝ።

እኔም እንዲህ አልኩ፤ "ምን ያስኬደዋል? የታመመው መሳሪያው ነው።"

እንዴት እንደሳቁ ብታይ። እማዬ እንኳ አፏን በፎጣው ይዛ ሳቀች። ስፖንጅ ጭንቅላቴን ዳበሰኝና "ፍርድ ማለት እንዲህ ነው" አለ። እኔም ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ያንን ቃሌን ለራሴ እየደጋገምኩ ስኮራበት ነበር። ደብተሩ ላይ፣ በሁለት ሰው እውነት ተናገረ፣ በሦስተኛው ዋሸ፤ ለጠላት ይገዛ፣ ብዬ ጻፍኩ። በመሳሪያው ላይ የፈረድኩት በሕጋችን መሠረት ነው። ሕጉ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ዕቃ እንደነበረ፣ ከሦስት ሰው አንዱ ሊታመም እንደሚችል ለአንድ አፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መለስነው። ዕቃ መመለሻው መስኮት ላይ ስለምትቀመጠው ሴትዮ በስልክ ነግረንሻል፤ ያቺ ቀይ መነጽር የምታደርገው። ገና ከሩቅ ስታየን "ዛሬስ ምስኪኑ ምን ተፈርዶበት ነው?" አለች።

"ሐሰተኛ ምስክርነት" አላት ስፖንጅ።

ቅጹን ገፋችልኝ። "ምክንያት" የሚል ባዶ መስመር አለበት፤ ሁልጊዜ የምሞላው እኔ ነኝ፣ ጽሕፈቴ ስለሚያምር። "የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል" ብዬ ጻፍኩ። በምትኩ የእንቁላል መቀቀያ ወሰድን። እሱ ሦስታችንም ላይ እውነት ተናገረ። አሁንም ይሠራል፤ እማዬ ጠዋት ጠዋት ሁለት እንቁላል ትቀቅልበታለች፣ እኔም እበላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ የምታውቂው ግን ግማሹን ነው። ኅዳር 25፣ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ላስቲክ ሲወጥር "ራሴን" አለና ተቀመጠ። ከዚያ ወደቀ። የሶፋ ቤቱ ባለቤት በራሱ መኪና ወሰደው። እኔን ከሒሳብ ፈተና አስጠርተው አወጡኝ። ሐኪም ቤት ስደርስ ስፖንጅ በሕይወት ነበር፤ ግን አላየኝም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አበቃ።

ለአንቺ "ድንገት ነው" አልንሽ። ድንገት አልነበረም።

ሐኪሙ እማዬን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ ነገራት። "ልቡ ላይ እንደምናየው ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ይመስላል" አላት። ከዚያ ጠየቃት፤ "እናቴ፣ ግፊቱን ተለክቶ ያውቃል? ከፍ ብሏል ያላችሁ ሰው ነበር?"

እማዬ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞራ "አይ፣ ተለክቶ አያውቅም" አለች።

እትዬ፣ አምስቱንም ጊዜ እዚያው ነበረች። ሬዲዮውን የዘጋችው እሷ ናት። ረስታው እንዳይመስልሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ መሳሪያ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ሬዲዮ ላይ ስለ ግፊት ሲወራ ጣቢያ ትቀይራለች፤ እኔም ለምን ቀየርሽው አልላትም። እንዲህ ያለችው ለእኔ ብላ ይሁን፣ "ጤና ጣቢያ ሂድ" ብላ ስላልጸናች ለራሷ ይሁን፣ አላውቅም። እሁድ ስትጠይቂኝም ልብሱን ማጣጠፏን አላቆመችም፤ ግን አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ አጠፈችው።

አንቺን የሚመለከተው ነገር የተነገረው ለእኔ ነው። የስፖንጅን ጫማና ሰዓት ልቀበል ስገባ ሐኪሙ ብቻዬን አገኘኝ። "አባታችሁ አሉ?" አለኝ። አባዬ በአርባ አንድ ዓመቱ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ወድቆ እንደሞተ ነገርኩት። ለአባዬም እኮ "ድንገት" ነው የተባለው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "እንግዲያው እህት ወንድሞች በሙሉ መለካት አለባችሁ። ስንት ናችሁ?" አለኝ። "ሦስት" አልኩት። ከዚያ "ሁለት" አልኩ።

"ሁለታችሁም ተለኩ። ዛሬ ነገ አትበሉ" አለኝ።

ይህን ነው ሰባ ዘጠኝ ቀን የደበቅሁሽ። ልጽፍልሽ አስቤ ሳልጽፍ የቀረሁት ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም። "ተለኪ" ብልሽ "ለምን?" ትያለሽ፤ "በዘር ስላለ ነው" ብልሽ "ታዲያ እሱ ተለክቶ አያውቅም ነበር?" ትያለሽ። ያንን ጥያቄ ፈራሁ። የራሴን አንድ ቃል ለመሸሸግ አንቺን ያህል ሰው አደጋ ላይ ጣልኩ። ይህ ከመጀመሪያው ጥፋቴ ይብሳል፤ የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት፣ ይሄኛውን ግን እያወቅሁ ነው።

ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱፐርማርኬቱ ገባሁ። መለኪያው ቅርጫት ውስጥ ተመልሶ ካለ ልገዛው ነበር ሐሳቤ። የለም። መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

"ዳኛው! እናንተ ሰዎች ጠፋችሁ እኮ!" አለች ሴትዮዋ። "ዕቃ መላሽ አጥቼ ሥራ ልፈታ ነው።"

ስለ መለኪያው ጠየቅኋት። "እሱማ በዚያው ሳምንት ተሸጠ። አንድ ሽማግሌ ናቸው የወሰዱት። በጣም ተደስተው ለሚስታቸው ሌላ ፍለጋ ተመልሰው መጡ፤ አልቆ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ከኋላዬ ተመለከተች። "ያ ረጅሙስ? ዛሬ ለምን ቀረ?"

አፌን ከፈትኩ። "ሥራ በዝቶበት ነው" አልኳት።

"በልልኝ ሰላም። ሳይስቅ የመለሰው ዕቃ የለም እኮ፣ ይናፍቃል።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" ብዬ ወጣሁ። ስለዚህ እዚያ መስኮት ላይ እሱ አሁንም በሕይወት አለ። ደግሜ አልሄድኩም፤ ብሄድ እኔ ነኝ የምገድለው።

እሁድ ዕለት ስልኩን ልትዘጊ ስትይ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ? እማዬ "ድምፅሽ ደክሟል" ስትልሽ "ምንም አይደለም፣ ጠዋት ጠዋት ራሴን ይወጋኛል፤ የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሳሙና ሽታ ነው" አልሽ። ሰማሽኝ እትዬ? እሱም ሙጫው ነው ብሎ ነበር። ሙጫው ነው ያልኩት እንዲያውም እኔ ነኝ፤ እሱ "እሱስ ነው" ነው ያለው። አሁን "ሳሙናው ነው" ያለሽ ሰው ካለ አትመኚው። ሳሙናው ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም። እኔ ከእንግዲህ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አንቺን ተለኪ ከማለቴ በፊት እኔ ልለካ ብዬ ነው። ወረፋው ረጅም ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሾፌር "አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜህ ምን ግፊት አለብህ፣ የፈተና ነው?" ብለው ቀለዱብኝ። ነርሷ ክንዴ ላይ ትልቁን ጨርቅ ጠምጥማ፣ በእጇ እየነፋች፣ በጆሮዋ እያዳመጠች ለካችኝ። 114 በ74።

የእኛው መለኪያ ምን እንዳለኝ አስታውሺ፤ 116 በ74። በሁለት ብቻ ነው የተለያዩት።

"ጎበዝ፣ ጤነኛ ነህ" አለች ነርሷ። እኔ እዚያው ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ያቺ የቅርጫት ዕቃ እውነተኛ ነበረች። በእማዬ ላይ እውነት ተናግራ ነበር፤ በእኔ ላይ እውነት ተናግራ ነበር፤ በእሱም ላይ አምስት ጊዜ ደጋግማ እውነት ተናገረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ውስጤ "ምናልባት በእርግጥም የተበላሸ ነበር፣ በአጋጣሚ ነው የገጠመው" የሚል አንድ ነገር ነበረ። እሱም ሰኞ ዕለት አለቀ።

"ምነው? ደህና ነህ አልኩህ እኮ!" አለች ነርሷ ደንግጣ።

"ደስ ብሎኝ ነው" አልኳት።

"እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም" አለችና ከሳጥኑ ጥጥ ቆርሳ ሰጠችኝ። ወረፋው እየጮኸ እንኳ ወዲያው አላስወጣችኝም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ርካሽ ዕቃ ሁሉ ውሸታም አይደለም። ሽንኩርት መክተፊያ ከሆነ ስቀሽ መልሺው። የሰውን ነገር የሚነግርሽ ከሆነ ግን፣ ቁጥሩ ደስ አላለኝም ብለሽ እሱን ከመክሰስሽ በፊት ሌላ ዘንድ ሄደሽ ጠይቂ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቢ ከፍ ካለብሽ፣ ደረጃ ወጥቼ ነው፣ ደክሞኝ ነው፣ ሳሙናው ነው እያልሽ ቁጥሩን አትከራከሪው። የሚሰጡሽን መድኃኒት ውሰጂ። ስለ አባዬና ስለ ስፖንጅ ንገሪያቸው፤ በእኔ እንደሆነው አፍሽ እንዳይያዝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በለቅሶው ሰሞን አለቃሽ ፈቃድ ከልክሎሽ ስታለቅሺ "እዚያ ብኖር አስተውለው ነበር" እያልሽ ነበር። ብትኖሪማ አራተኛ ሆነሽ ትለኪ ነበር፤ ቁጥርሽ እንደ እሱ ከፍ ቢል ኖሮ ለአንቺም ያንኑ ቀልድ እቀልድልሽ ነበር። አንቺ ሩቅ ስለነበርሽ አይደለም። ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ጠየቀኝም። ይህንን ከራስሽ ላይ አውርጂ።

ልትቆጪኝ ትችያለሽ። ብትቆጪኝም ግን ከሐኪም ቤት ስትመለሺ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ምንም ይሁን ምን ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

ያለሽበት ቤት ይሙቅሽ፤ የምትረግጪው ደረጃ አያድክምሽ፤ አባዬ ያላያትን ዕድሜ፣ ስፖንጅ ያላያትን ዕድሜ አንቺ አርጅተሽ እይልን። ሸምግለሽ፣ ጥርስሽ ረግፎ ስትቆጪኝ ለመስማት ያብቃኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ለልብስ ሰፊዋ ልጅ በእጄ ልሰጣት ነበር። አሁን ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። እማዬ የምትልክልሽን ልብስ መኝታ ቤት ሻንጣ ላይ እየደረደረች ነው፤ እላዩ ላይ አስቀምጬላት እወጣለሁ። ፖስታውን አላሸግሁትም። ታሽጎ ከደረሰሽ ያሸገችው እማዬ ናት።